ከዕዳ መዝገብ እስከ ምጽዋ ወደብ

የቅኝ አገዛዝ ነገር በተነሣ ቁጥር በእኛ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዘንድ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ። ሌሎቹ አፍሪካውያን ጓደኞቻችን ስለ ኮንጎ ጎማ፣ ስለ አልጄሪያ መሬት፣ ስለ ኬንያ ደጋ ሲያወሱ ቆይተው ተራው ለእኛ ሲደርስ «እኛማ አልተገዛንም» እንልና ወሬውን እንዘጋዋለን። ዓድዋ ላይ የፈሰሰው ደም ይህን የማለት መብት ሰጥቶናል፤ አንክድም። ይሁን እንጂ አልተገዛንም ማለትና ኢምፔሪያሊዝም አልነካንም ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ሲሆን ሁለተኛው ራስን ማታለል ነው።

ስለ መንስኤውም ቢሆን የሚሰጠው አስተያየት ብዙ ነው። አንዱ የነጭ ትዕቢት ነው ይላል፤ ሌላው የሚሲዮኖች ሥራ ነው ይላል። ትዕቢቱም ሚሲዮኑም ነበሩ። ዳሩ ግን እነዚህ የነገሩ ልብስ እንጂ ገላው አይደሉም። ገላውን ለማየት የፈለገ ወገን፣ ብዙዎቻችን በምንማርበት በዚህ አካባቢ ካሉት አገሮች አንዷን፣ ግብፅን ይመልከት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰዒድ ፓሻ በ1854 የስዊዝን ቦይ የመቆፈር መብት ለፈረንሳዊው ደ ሌሴፕስ ሰጠ። ከገባው ግዴታ አንዱ ሠራተኛ ማቅረብ ስለነበረ በየወሩ 20 ሺህ ያህል ገበሬ ከእርሻው እየተነቀለ ወደ በረሃው ይነዳ ጀመር፤ በእኛ አገር ሑዳድ ከምንለው የከፋ መሆኑ ነው። ተከታዩ ኬዲቭ እስማኤል ይህን ግዳጅ ለማስቀረትና ለኩባንያው የተሰጠውን መሬት ለማስመለስ ሲነሣ ኩባንያው ተጎዳሁ አለ። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ነበር፤ በ1864 ግብፅ 84 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ትክፈል ብሎ ፈረደ። የገዛ ዜጋዋን ከግዳጅ ሥራ ስላወጣች ከፋይ ሆነች ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ አሜሪካኖች እርስ በርስ ይዋጉ ስለነበረ ለእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚሄደው ጥጥ ተቋርጦ የዓባይ ሸለቆ ጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። እስማኤልም በዚህ ገቢ ተማምኖ ተበደረ፤ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ቦዮች አስቆፈረ፣ ቤተ መንግሥት አሠራ። በ1865 የአሜሪካ ጦርነት ሲያልቅ የጥጡ ዋጋ ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልወደቀም። በ1873 በወረቀት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈርሞ በእጅ የገባው 20 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ቀሪው ገና ከመነሻው የአበዳሪዎቹ ነበር፤ ወለዱ ግን የሚታሰበው በ32ቱ ላይ ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ በግብር ከፈለ፤ ያልቻለውም ተገረፈ።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከተው ይጀምራል። እስማኤል ተበዳሪ ብቻ ሳይሆን ራሱ አገር ወራሪ ነበር። በኖቬምበር 1875 የስዊዝ ድርሻውን፣ 176,602 አክሲዮን፣ ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በዚያው ወር ጦሩ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። የዚያ ጦር አዛዥ የዴንማርክ ሰው ሲሆን፣ በማርች 1876 ጉራዕ ላይ የተሸነፈውን ጦር ከመሩት መካከል ደግሞ በአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ሲዋጋ የነበረው ጄኔራል ሎሪንግ ይገኝ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሜይ 1876፣ አበዳሪዎቹ በካይሮ የዕዳ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ዕዳው በዚያን ጊዜ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ደርሶ ነበር። በ1878 የገንዘብ ሚኒስትሩ እንግሊዛዊ፣ የሥራ ሚኒስትሩ ፈረንሳዊ ሆኑ፤ በ1879 እስማኤል ራሱ ተሻረ።

የገበሬ ልጅ የሆነው ዑራቢ ፓሻ «ግብፅ ለግብፃውያን» ብሎ ሲነሣ የተሰጠው መልስ መድፍ ነበር። በጁላይ 1882 አሌክሳንድርያ ከባሕር ተደበደበች፤ በሴፕቴምበር ቴል ኤል ከቢር ላይ ጦሩ ተሰበረ። እንግሊዝ ለጊዜው ነው ብላ የገባችበትን አገር የመጨረሻው ወታደሯ የለቀቀው በ1956 ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰንሰለት ልብ በሉ። ግብፅን የያዘችው እንግሊዝ በሱዳን በማህዲ ጦር የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ማውጣት አስፈለጋት። በጁን 1884 ዓድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋለች፤ ቦጎስ ይመለሳል፣ ምጽዋም ለኢትዮጵያ ንግድ ክፍት ትሆናለች ተባለ። አሉላና ሌሎቹ የኢትዮጵያ አለቆች የበኩላቸውን ፈጸሙ። ስምንት ወር ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ አውሮፓውያኑ በርሊን ላይ ስለ አፍሪካ እየመከሩ ሳለ ጣሊያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋ ላይ ወረደች። ውሉ ለኢትዮጵያ ያተረፈላት የማህዲስቶችን ጠላትነት ነበር፤ በ1888 ጎንደር ተቃጠለ፣ በ1889 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። ከለንደን የዕዳ መዝገብ ተነሥቶ መተማ የሚደርስ መንገድ አለ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ወደብ ጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅ ያስገቧቸው ከብቶች የከብት ደስታ ይዘው ገቡ። በሽታው ከ1887 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ከብት ከመቶ 90 ያህሉን እንደጨረሰ ይገመታል። ድርቁና አንበጣው ሲጨመርበት አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረሃብ መጣ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። ጣሊያን አሥመራን የያዘችው በዚህ ረሃብ መካከል በ1889 ነው፤ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት ያለችው በ1890 መባቻ ነው። በሽታው ግን እዚያ አልቆመም፤ ማሳይን ከብት አልባ አድርጎ በ1890ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚሄድበት ሲያጣ ለማዕድን ጉድጓዶቹ ርካሽ ጉልበት ሆነ። ይህን ማንም በበርሊን አላቀደውም፤ ቢሆንም ተጠቅመውበታል።

ዓድዋ ብዙ ነገር አዳነ፤ ሁሉንም ግን አላዳነም። በ1902 ውል እንግሊዝ፣ ያለ እርሷና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ከአፄ ምኒልክ ቃል ተቀበለች። ለምን ቢሉ ውሃው ለጥጥ ይፈለጋል። በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ የገዚራ እርሻ ለላንካሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ያመርት ጀመር። የ1929ኙ ስምምነት ውሃውን ለግብፅ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲያከፋፍል፣ የ1959ኙ ደግሞ 55.5 እና 18.5 ሲያደርገው ኢትዮጵያን የጠራት የለም። በየመኝታ ክፍሉ ከግብፃውያንና ከሱዳናውያን ጓደኞቻችን ጋር የምንጋጭበት ጉዳይ መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ የውጭ ነጋዴ ጥቅም ያለበት መሆኑን እነርሱም እኛም እንረሳለን። የዑራቢን አገር ልጅ ጠላት ብለን ስንነሣ ማንን እንደምንጠቅም ማሰብ ይገባናል፤ እነርሱም ጉንደትን እንዲያነቡ እንጋብዛቸዋለን።

የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ለወለድ ብሎ ወደብ የሚደበድብ መርከብ ዛሬ አልመጣም። ነገር ግን ዛምቢያ በ2020፣ ጋና በ2022 ዕዳ መክፈል አቆሙ። አገራችንም በ2014 በ1 ቢሊዮን ዶላር የሸጠችውን ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በዲሴምበር 2023 ሳትከፍል ቀረች። የኤኮኖሚክስና የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ወገኖች የእነዚህን ብድሮች ውል አንብባችሁ ማን በምን ዋስትና እንዳበደረ፣ በእጅ የገባው ስንት እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚከፍለው ለሚቀጥለው እትም እንድትጽፉ እንጠይቃለን።