የደም ውጤት ወረቀቱ «ደህና» ሲል

በራማት የዲዲም ብዙ አዛውንቶቻችን ከቁፓት ሆሊም የሚመጣውን የደም ምርመራ ውጤት የሚያነብላቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ልጁ ምልክት የተደረገበትን ቁጥር አይቶ ይደነግጣል፣ አለዚያም «የአባባ ደም ሁሌ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ያሳስታሉ።

ከኢትዮጵያና ከየመን በመጡ ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች ሆኖ ይገኛል። ይህ በሽታ ሳይሆን የዘር ውርስ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሰውየው በጠና ሲታመም ነው። በጤናው ጊዜ 1,300 የነበረው ሰው ትኩሳት ይዞት ሚዩን ሲገባ 6,000 ቢሆን፣ ማሽኑ «ደህና» ብሎ ያልፈዋል። ለእሱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ጨምሯል!

ኢዮሲኖፊል የሚባለው ሕዋስ ደግሞ ሲበዛ የአንጀት ትል ሊጠቁም ይችላል። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል አገር ቤት በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ሰውነት ውስጥ ይኖራል። በሽተኛው ስቴሮይድ ሲሰጠው ትሉ ተባዝቶ በመላ ሰውነት ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። ያኔ ኢዮሲኖፊሉ ዝቅ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ቁጥሩ አያጽናናም። ምርመራው ከስቴሮይዱ በፊት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። አስኳል ያላቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአዋቂ ሰው ከአጥንት መቅኔ አይወጡም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛ ሰው ደም ውስጥ ከታዩ ግን የኦክስጅን እጥረት ወይም ከባድ ብግነት መቅኔውን እንዳስጨነቀው ይጠቁማሉ፤ ከሞት አደጋ ጋርም ይያያዛሉ። በራሳቸው አይገድሉም፣ ሐኪሙ ግን ቶሎ ዞር ብሎ በሽተኛውን ሊያይ ይገባል።

ደም ለእኛ ቀላል ወሬ አይደለም። በ1996 የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲጋለጥ በኢየሩሳሌም አደባባይ የወጣነውን ማን ይረሳል? ያኔ ደማችን ከየት እንደመጣ ታይቶ ተጣለ። ዛሬ የምንጠይቀው ከየት እንደመጣ ታይቶ በደንብ እንዲነበብ ነው። ቁፓት ሆሊሞች የእያንዳንዱን ሰው የጤና ጊዜ ቁጥር በፋይሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ያድርጉ። ልጆችም የእናት አባቶቻችሁን የቆዩ ውጤቶች በስልካችሁ ያዙ፤ ሚዩን ስትገቡ «ኢትዮጵያ ነው የተወለደችው፣ የበፊቱ ቁጥሯ ይኸው» በሉ።