መንፈሳችንንም እንለካ

የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱን ሳይለካ ወር አያሳልፍም። ስኳር ያለባቸው እናቶቻችን ጣታቸውን ወግተው ቁጥራቸውን ያውቃሉ። ስለ መንፈሳችን ስንጠየቅ ግን የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን»። ምስጋናው ተገቢ ነው። ሆኖም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረውም፣ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ያቃተውም ይህንኑ ይላል። ድብርት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚገባ፣ ሰው እየለመደው ሄዶ ከሦስት ወር በፊት ምን ይመስል እንደነበር ይረሳዋል። ስለዚህ ትዝታችንን ከማመን ይልቅ ጽፈን ብናስቀምጥ እንጠቀማለን እላለሁ።

ለዚህ የሚሆን መጠይቅ አለ። ፒኤችኪው-9 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን ያለ ክፍያ ልንጠቀምበት እንችላለን። ዘጠኙ ጥያቄዎች ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፦ ለነገሮች ፍላጎት ማጣት፣ መከፋት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም ሞትን መመኘት ወይም ራስን ለመጉዳት ማሰብ። ችግሩ ጨርሶ ካልነበረ 0፣ አንዳንድ ቀን ከነበረ 1፣ ከግማሽ በላዩን ቀን ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚያስደፍር ከሆነ 3 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል።

በብዙ አገር 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ሐኪም እንዲያየው ይመከራል። የአማርኛው መጠይቅ በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲፈተሽ ይኸው 10 ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። በቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች የተደረገው ጥናት ግን የተሻለው መነሻ 5 መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ «9 ነው ያመጣሁት፣ ምንም የለብኝም» ብሎ መዝናናት አይገባም። እኔ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹን አካሄድ አምናለሁ።

አካሄዱን ለማየት የኛ የቀን መቁጠሪያ ይመቻል። ወር በገባ በ1 እና በ16 ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ደብተር ላይ መመለስ ይቻላል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ መስከረም ላይ 4፣ ጥቅምት ላይ 5፣ ኅዳር ላይ 11 ጻፈች እንበል። ከ4 ወደ 5 መውጣቱ አያስጨንቅም፤ የአንድና የሁለት ነጥብ ከፍ ዝቅ ያለ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የሆነ ለውጥ ግን ሐኪሞችም ቁም ነገር ብለው የሚያዩት ነው። የኅዳሩን 11 ይዛ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ብትሄድ ትክክል ናት።

ከቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ማስታወሻ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ስለ ምግብ ሲጠየቅ፣ የሚመልሰው ስለ ጾሙ ሳይሆን ስለ ፍላጎቱ ነው፤ በሚመገብበት ሰዓት እንኳ ምግቡ አላስጎመጀውም ወይ? አራስ ልጅ ያላት እናትና የሌሊት ተረኛ ዘበኛም የእንቅልፋቸው ቁጥር ለምን እንደጨመረ ቢጽፉ ኋላ ሲያነቡት አይሳሳቱም።

መጠይቁ ግን በሽታውን አይወስንም። የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ መታወክም ሰውን ያደክማሉ፤ ይህን ለይቶ የሚያውቀው የጤና ባለሙያ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ ድምር አይጠብቅም። ራሱን ስለ መጉዳት ያሰበ ሰው ድምሩ 3 ቢሆንም እንኳ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ አቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ ብቻውንም አይደር።

በየጤና ጣቢያው ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ልቤን እያለ የሚመላለስ፣ ተመርምሮም ምንም ያልተገኘበት ስንት ሰው አለ! እንዲህ ያለው ሰው የሁለት ወር ደብተሩን ይዞ ቢቀርብ ወሬው ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ደብተሩ ግን የባለቤቱ ነው። አሠሪም ሆነ የትዳር ጓደኛ ያለ ፈቃዱ ሊከፍተው አይገባም፤ ከተከፈተ ሁለተኛ እውነቱን አይጽፍም።

አንባቢዬ፣ የሚመጣው ወር ሲገባ በ1ኛው ቀን ጀምሩ። ቁጥሩ እያደር ከጨመረ ሰው ያውቅብኛል ብላችሁ አትደብቁት፤ ድብርት የሚታከም ሕመም ነው።