በጓሮ አትክልት ላይ ስለሚመጣው ቀንድ አውጣ

በክረምት ወራት በጓሮው አትክልት የሚያለማ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት የሚያዝንበት ነገር አለ። ማታ ደኅና ሆኖ የተወው የሰላጣ ችግኝ ሲነጋ ቅጠሉ ተበሳስቶ፣ ለጋው ግንድ ከሥሩ ተቆርጦ ያገኘዋል። ጠላቱ ግን በዚያ የለም፤ በአፈሩና በቅጠሉ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ ብቻ ትቶ ሄዷል። ይህ የቀንድ አውጣ ምልክት ነው።

የዚህ ፍጥረት ስም ጠባዩን ይገልጻል፤ ይኸውም «ቀንድ» እና «አውጣ» ከሚሉት ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ሲሄድ ከራሱ ላይ አራት ለስላሳ ቀንዶች ያወጣል፤ ዓይኖቹም በሁለቱ ረጃጅም ቀንዶች ጫፍ ላይ ይገኛሉ። ቅርፊት ያለው አለ፤ የሌለውም አለ። ቅርፊት የሌለውን ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ያደርቁታል። ስለዚህ ቀን በድንጋይ፣ በሳንቃና በረገፈ ቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ለመብል ይወጣል። እያንዳንዱም ወንድና ሴት በአንድነት ስለ ሆነ፣ ሁሉም በእርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትዕግሥት በማጣት የፈጸምሁትን ስሕተት ሳልደብቅ ልናገር። ሜታልዴሃይድ የተባለውን መርዝ ገዝቼ በመደቦቹ ላይ በተንሁት። ለጎረቤት አልተናገርሁም፤ አጥሩም ክፍተት ነበረው። መርዙ ከእህል ጋር ተለውሶ የተሠራ ስለ ነበረ፣ የጎረቤቴ ውሻ እንደ ምግብ ቆጥሮ በላው፤ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶም ከቀትር በፊት ሞተ። ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ሌሊት የሚጠብቃቸው እርሱ ብቻ ነበር። ይቅርታ ልለምን በሄድሁ ጊዜ «ልጄ፣ ያ ሰላጣ ዋጋው ስንት ነበር?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁበትና የጠቀመኝ መንገድ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ዝናብ ባልጣለ ጊዜ አትክልቱን ማታ ሳይሆን ጠዋት ማጠጣት ይገባል። ማታ የረጠበ አፈር ለቀንድ አውጣ የተነጠፈ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፤ ማታ በመደቦቹ መካከል እርጥብ ሳንቃ ማስተኛት ነው። ሲነጋ ሳንቃውን ገልብጦ፣ በሥሩ የተጠለሉትን በእንጨት እየለቀሙ የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ መጨመር ነው። አንዳንዶቹ ለሰው በሽታ የሚያመጣ ትል ስለሚሸከሙ፣ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ሰላጣውም ቅጠል በቅጠል ሊታጠብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ጥቂት ጠላ ወይም ቢራ ያለበትን ጣሳ በአፈር ውስጥ መቅበር ነው። የእርሾው ሽታ ይስበውና ገብቶ ይሰጥማል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚበሉ ጠቃሚ ጢንዚዛዎች አብረው እንዳይወድቁ፣ የጣሳው አፍ ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ይበል።

አራተኛ፤ በችግኙ ዙሪያ አመድ መነስነስ ነው። አመድ የሚከለክለው ደረቅ ሳለ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝናብ በመታው ቁጥር መታደስ አለበት። ጨው ግን ቀንድ አውጣውን ቢገድልም አፈሩንም ያበላሻልና አይበጅም።

ይህ ሁሉ በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፣ ክረምቱ ሳይበረታ የጀመረ ሰው ብዙ አይደክምም፤ መርዝም አያስፈልገውም።

ባለፈው ክረምት ከመደቤ የቆረጥሁትን ሰላጣ ለእኒያ እናት ወሰድሁላቸው። በደስታ ተቀበሉኝ፤ አስቀድመው ግን «መርዝ የለበትም?» ብለው ጠየቁኝ።