«የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» ለሚሉን

ስለ ዶሊ ፓርተን ወሬ በተነሣ ቁጥር ከእኛ ሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች፤ «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው!» በቅርቡ እዚሁ ናሽቪል አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ እንደገና ሰማኋት። የተናገሩት ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊን ካሴት ክሩ እስኪላላ ያዳመጡ፣ እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ዜማውን የሚያንጎራጉሩ፣ የዚያ ትውልድ ሰው ናቸው። አነጋገሯ ግን ሐሰት ናት። ይባስ ብሎ ልጆቻችንን ትጎዳለች። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

ዶሊ እ.ኤ.አ. በ1946 በምሥራቅ ቴነሲ፣ ሲቪየር በሚባለው ተራራማ አውራጃ ተወለደች። ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ላዋለዳት ሐኪም የከፈሉት አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንወደውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ጎጆውና ችግሩ፣ ከዚያ ድንገት የሚያብረቀርቀው ቀሚስ! መሀሉን እንዘለዋለን።

መሀሉ ሥራ ነው። በ10 ዓመቷ ኖክስቪል ከተማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በክፍያ ትዘፍን ነበር። በ13 ዓመቷ የግራንድ ኦል ኦፕሪን መድረክ ረገጠች። በ1964 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጨረሰች ማግስት ናሽቪል ገባች። ገብታም ወዲያው ኮከብ አልሆነችም፤ ከአጎቷ ከቢል ኦውንስ ጋር ሌሎች የሚዘፍኑትን ዘፈን እየጻፈች ቆየች። በፖርተር ዋግነር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቦታ ያገኘችው በ1967 ነው። ያኔም ተመልካቹ ከእሷ በፊት የነበረችውን ዘፋኝ መልሱልን ይል ነበር። ይህን ሁሉ «ዕድል» ብሎ መጥራት የገበሬውን ዓመት ሙሉ ልፋት ትቶ «ዝናብ ጥሎለት ነው» እንደማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1974 ያወጣችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የተባለውን ዘፈኗን ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። በዚያን ጊዜ ይህን ጥያቄ እምቢ የሚል ደራሲ ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ቶም ፓርከር ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ የዘፈኑ የባለቤትነት መብት ግማሹ ለእኛ ይሁን አለ። ዶሊ አለቀሰች፤ ግን አልሰጠችም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም ስትዘፍነው ዓለምን አዳረሰ፤ የድርሰቱ ገንዘብም ወደ ባለቤቷ ሄደ። ቆንጆ ድምፅ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ዶሊን ዶሊ ያደረጋት፣ ከድምፁ ጋር፣ የጻፈችው የራሷ መሆኑን ማወቋና በዚያ መጽናቷ ነው።

ዕድል የሚሉን ሰዎች የዴፎርድ ቤይሊን ታሪክስ ምን ሊሉት ነው? ቤይሊ እዚያው ቴነሲ ገጠር በ1899 የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ሃርሞኒካውን ሲነፋ የባቡር ድምፅ ያሰማ ነበር፤ የግራንድ ኦል ኦፕሪ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦችም አንዱ እሱ ነው። በ1941 ግን አባረሩት። በዚያ ወቅት የሬዲዮ ጣቢያዎችና የሙዚቃ ደራሲያን ማኅበር በክፍያ ተጣልተው ስለነበር፣ ሕዝቡ የሚወዳቸውን የድሮ ዜማዎቹን በሬዲዮ እንዳይጫወት ተከለከለ። ከዚያም አዲስ ዜማ አይማርም ተብሎ ተሰናበተ። ቀሪ ዘመኑን ናሽቪል ውስጥ ጫማ በመጥረግ ሥራ ኖረ። የእኛ አገር ሰው «ሊስትሮ» የሚለው ማለት ነው። በካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ስሙ የሰፈረው በ2005፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሰው ተሰጥኦ አጣ? የአርባ ቀን ዕድሉስ ጫማ መጥረግ ነበር? አይደለም። መድረኩ የሌሎች ነበር፤ ውሳኔውም የሌሎች።

ቻርሊ ፕራይድም አለ። የሚሲሲፒ ጭሰኞች ልጅ፣ የቤዝቦል ተጫዋች፣ ሞንታና ውስጥ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ ለሬዲዮ ጣቢያዎች የተላኩት ያለ ፎቶግራፍ ነው፤ ጥቁር መሆኑ ከታወቀ አያጫውቱትም ተብሎ ተፈርቶ። በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ አድርጎ ሸለመው። የተሰጥኦው መጠን በሁለቱ ቀናት መካከል አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩ ነው። በር ደግሞ በእጣ አይከፈትም፤ የሚከፍተው ሰው ነው፣ የሚዘጋውም ሰው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ቴነሲ ተወልዳ ያደገች ናት። ከአባቷ ካሴቶች ተነሥታ ካንትሪ መዝፈን ጀመረች፤ ራሷም ትጽፋለች፣ አንዳንዴም አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ትቀላቅለዋለች። ብሮድዌይ መንገድ ካሉት መጠጥ ቤቶች በአንዱ ጊታሯን ይዛ ትቆማለች። እዚያ ከሚሠሩት ዘፋኞች ብዙዎቹ በቲፕ የሚኖሩ ናቸው። ሥራው ከባድ ነው፤ ግን ቢያንስ ባልዲው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ሁሉም ያየዋል።

ባለፈው ዓመት ከእኛው ሰዎች አንድ ዝግጅት ላይ እንድትዘፍን ተጠየቀች። ሦስት ሰዓት ዘፈነች። ለአዳራሹ ተከፈለ። ለሥጋው ተከፈለ። ለቢራው፣ ለዲጄው፣ ለፎቶ አንሺው ተከፈለ። ለእሷ የተሰጣት መልስ «ትታወቂበታለሽ» የሚል ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ግንባሯ ላይ 20 ዶላር ለጠፈላት፤ ሁሉም አጨበጨበ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አጎቴ፣ ያ ሽልማት ነው ወይስ ምጽዋት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ሽልማት ከደመወዝ በላይ የሚጨመር ነው፤ ደመወዝ በሌለበት ግን ምጽዋት ነው። በዚያች ሌሊት ያደረግነው ቶም ፓርከር ከሞከረው ይብሳል፤ እሱ ግማሹን ነበር የጠየቀው።

«ባህላችን ነው፣ ዘፋኝ በሽልማት ነው የሚኖረው» የሚለኝ ይኖራል። ባህላችን ያሳደገውን ያህል ያዋረደውንም እናስታውስ። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረግነው እኛው ነን። ሠርጋችን ያለ አዝማሪ አይደምቅም፣ ልጃችንን ግን ለአዝማሪ አንድርም ነበር። አሜሪካኖቹም እነዚህን የተራራ ሰዎች «ሂልቢሊ» እያሉ ሲስቁባቸው ኖረዋል፤ ዛሬ በዚያው ሙዚቃ አንድ ሙሉ ከተማ ይበላል።

«ማኅበረሰባችን ደሃ ነው» የሚልም አለ። ለቢራው ግን ደሃ አልነበርንም።

ሕግም ቢሆን አልጎደለንም። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የጎደለን ልማዱ ነው። ዘፈን ስንጠቅስ የድምፃዊውን ስም እናነሣለን፤ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው ብለን አንጠይቅም። ስሙን የማናውቀውን ሰው መብት ልናስከብርለት አንችልም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝግጅት የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ በጀቱን ስትጽፉ ከሥጋውና ከአዳራሹ ጋር «ዘፋኝ» የሚል መስመር አስገቡ፤ ክፍያውን ከዝግጅቱ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። በማስታወቂያው ላይ የደራሲውን ስም ጻፉ። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ጊታር ካነሣች «ዕድልሽ ይሁን» ብላችሁ አትሸኟት፤ ውል ማንበብ አስተምሯት።

ለእኚያ ጋሼም አንድ ነገር ልበል። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ሌላ ግብዣ ላይ ተጠርታለች፤ ዋጋዋን ነግራቸዋለች። ውድ ነች ብለው ሌላ እየፈለጉ ነው አሉ። እርስዎ ከኮሚቴው አንዱ ነዎት። የዶሊን ካሴት ስንት ብር ከፍለው እንደገዙት አስታውሰው፣ እባክዎ፣ አንድ ቃል ይናገሩላት።