ስለ አእምሮ ሐኪምና ስለ አማካሪ

ጥርሱን ያመመው ሰው ወደ ዓይን ሐኪም አይሄድም። ልቡ የታወከበት፥ እንቅልፍ የራቀው ሰው ግን በጤና ጣቢያ የሚያገኘውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ይጠራል፤ ደብዳቤ ጽፎ የሚልከውም ሹም ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አያውቀውም።

ጉዳዩ በገዳሪፍና በአካባቢው ከባድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ብዙ ወገኖቻችን በሐምዳይት በኩል ወደ ሱዳን ገብተው በኡም ራኩባ፥ ቀጥሎም በቱናይድባህ ሰፈሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የካርቱም ጦርነት ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል። ቤቱ የጠፋበት፥ የልጁን መድረሻ ያላወቀ ሰው ቢጨነቅ አያስደንቅም። እንግዲህ የሚረዱትን በየማዕርጋቸው እንለያቸው።

የአእምሮ ሐኪም የሚባለው ሙሉ የሕክምና ትምህርት ከጨረሰ በኋላ በአእምሮ ሕመም ላይ ለዓመታት የሠለጠነ ነው። መድኃኒት ያዛል፤ የሕመሙም ምንጭ ከሥጋ እንደ ሆነ ይመረምራል። ወባ በሚበዛበት በገዳሪፍ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ በትኩሳት የሚቃዥ ሁሉ ዕብድ አይደለምና። በአገራችን ይህ ልዩ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ በዩኒቨርሲቲ የሰውን ጠባይና አሳብ ያጠና፥ በንግግርም የሚረዳ ነው። የዶክተርነት ማዕርግ ቢኖረውም የመድኃኒት ሐኪም አይደለም።

የአእምሮ ጤና ነርስ በነርስነቱ ላይ ሥልጠና የጨመረ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር በተፈቀደለት መጠን ሕሙማንን ያክማል።

አማካሪ ግን ሰፊ ስም ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረም፥ ጥቂት ሳምንታት የሠለጠነም በዚሁ ስም ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ያወጣው አንድ መምሪያ ሐኪም ያልሆነ ረዳት የተጨነቀን ሰው በአምስት ጊዜ ንግግር እንዲደግፍ ያስተምራል፤ ነገር ግን በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ነው።

እንዲህ ያለውን ረዳት ማንም አይናቀው። ስደተኛው በትግርኛ ሲያለቅስ፥ ሐኪሙ በዓረብኛ ሲጠይቅ፥ በመካከላቸው ታማኝ አስተርጓሚ ከሌለ የዕውቀት ብዛት ብቻውን አይጠቅምም። ነገር ግን ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ወይም እህልና ውኃ እንቢ ያለ ሰው በምክር ብቻ ሊያዝ አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት፥ በደብዳቤያችሁ «ወደ ዶክተር ይሂድ» ብላችሁ አትለፉ፤ ወደ የትኛው ባለሙያ እንደ ሆነ ጻፉ። ባለሙያውንም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ተማርህ? ማን ፈቀደልህ? ከአቅምህ በላይ የሆነውን ወደ ማን ትልካለህ? ደኅና ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ ይልቁንም ለሦስተኛው መልስ የሌለውን ሰው ፍሩት።