ከግድግዳው ጀርባ



በዛሬው አምዳችን ከወትሮው ወጣ ያለ ርዕስ ይዘን ቀርበናል፤ ይኸውም ያረጀ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት ሲደረግ የውስጥ ግድግዳው እንዴት መሠራት እንዳለበት ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ወጣት ወንድሞች ይህንኑ ደጋግመው ጠይቀውናል። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢያን «ይህ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የምታድሩ ከሆነ ግን ነገሩ የናንተም ነውና እስከ መጨረሻው ታገሱን።

የምንኖረው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ነው። እኛ ባልና ሚስት፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና ከወሎ የመጡት እናታችን በጠቅላላው አራት ነን። በትምህርት ቤት ዕረፍት ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ተራራና ጫካ ለማየት ስንነሣ የሆቴሉ ኪራይ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ለእናታችንም የሚስማማቸውን ምግብ በየመንገዱ ማግኘት አስቸገረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 መጸው ላይ ጥቅል ዕቃ ሲያድል የኖረ አንድ መኪና በርካሽ ገዛን። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ራቁቱን የቀረ ላሜራ ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና ወደ ማደሪያነት መለወጥ በጀርመን የቆየ ልማድ ነው። ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት በቮልስዋገን መኪና ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዛሬ ደግሞ መጋዝና ትራፓኖ ይዞ በገዛ እጁ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። እኛም መጋዝ አነሣን፤ ያጠፋነውም እዚህ ላይ ነው።

ያማረው ግድግዳ

ብርዱ ሳይገባ ለመጨረስ ቸኮልን። በላሜራው የብረት አጥንቶች መካከል ለሕንጻ የሚሆን የብርጭቆ ሱፍ ጠቀጠቅን፤ በላዩም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ በኮላና በምስማር መታንበት። ሥራው በሁለት ቅዳሜና እሑድ አለቀ። የመጣ እንግዳ ሁሉ እንጨቱን በእጁ እየዳሰሰ «ማሻአላህ! ከቤታችሁ ሳሎን ይበልጣል» ይለን ነበር። ሙገሳው ደስ አሰኘን። ከእንጨቱ ጀርባ ምን እንዳለ ግን የጠየቀንም አልነበረም፤ እኛም አላሰብነውም።

በዲሴምበር ወር ሽቫርትስቫልት በተባለው ደጋ ጫካ ሦስት ሌሊት አደርን። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያወርዳል፤ በጨርቅ ጠርገነው ረሳነው። ከዚያ ወዲህ ግን በመኪናው ባደርን ቁጥር ልጃችን ሌሊቱን ሲያስል ያነጋል፤ ወደ ቤት ስንመለስ ይተወዋል። ጉንፋን ነው ብለን አለፍነው።

በማርች ወር አንድ ጠዋት እናታችን ልጁ የሚተኛበትን ጥግ በመዳፋቸው ዳሰሱና እጃቸውን አሽትተው፣ «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ያለቅሳል» አሉን።

«እማ፣ አዲስ እንጨት ነው፤ ሽታው የቀለሙ ነው» ብለን መለስን።

«እኔ በቆርቆሮ ቤት አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። የቀለም ሽታና የሻጋታ ሽታ አይጠፋኝም» አሉ።

በማግስቱ እንጨቱን ገነጠልነው። በኮላ ስለተጣበቀ ሳይሰበር አልወጣም። የኮምፔንሳቶው ጀርባ በሻጋታ ጠቁሯል። የብርጭቆ ሱፉ ሲጨመቅ ውሃ ያወርዳል። በታችኛው የላሜራ እጥፋት ውስጥ ውሃ ተኝቷል፤ ብረቱንም ዝገት ይዞታል። ልጃችን በተኛ ጊዜ አፍንጫውን ከዚያ ሻጋታ የሚለየው 4 ሚሊ ሜትር እንጨት ብቻ ነበር። እንግዶች ያመሰገኑት እሱኑ እንጨት ነው።

ውሃው ከየት መጣ?

መጀመሪያ ጣሪያው ያፈስሳል ብለን ጠረጠርን። ብንፈልግ ብንፈልግ ቀዳዳ አጣን። ውሃው የመጣው ከራሳችን ነበር። ሰው ተኝቶ ሳለ በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። አራት ሰዎች 8 ሰዓት ሲተኙ ከ1 ሊትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። በጋዝ ምድጃ ሻይ ስናፈላ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ነዶ ሲያልቅ 1.6 ኪሎ ያህል የውሃ ተን ያወጣልና።

ይህ ተን ቀዝቃዛ ነገር እስኪነካ ድረስ አይታይም። የውስጡ አየር 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ተኑን ወደ ውሃ ይለውጠዋል። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። በኅዳር ብርድ፣ ዝናብ በሌለበት ንጋት፣ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለው ቤተሰቡ ሌሊቱን ሲተነፍሰው ያደረው አየር ነው። የሣር ክዳን እንደ ቆርቆሮ ስለማይቀዘቅዝና እርጥበትም ስለሚመጥ እንዲህ አያደርግም።

መኪና ደግሞ ክዳኑ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ወለሉም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ብረት ሙቀትን የሚያሳልፈው ከማገጃ ስፖንጅ ከ1,000 ጊዜ በላይ ነው፤ ስለዚህ የውጭው ብርድ ወዲያው ውስጥ ይደርሳል። የብርጭቆ ሱፍ ሙቀትን ያግዳል እንጂ ተንን አያግድም። በሕንጻ ላይ ሲሠራበት በክፍሉ በኩል ተን የማያሳልፍ ላስቲክ ይለብሳል። አጥንቱና ጎባጣው በበዛ መኪና ውስጥ ግን ያንን ላስቲክ ያለ ክፍተት ማልበስ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እኛማ ጨርሶ አላለበስነውም። ትንፋሻችን በእንጨቱ መጋጠሚያና በሱፉ እያለፈ ከላሜራው ደረሰ፤ እዚያም ውሃ ሆነ። እንጨቱ ስለሸፈነው ሊደርቅ አልቻለም፤ እኛም አላየነውም። በመስኮቱ ላይ ያየነው ውሃ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኛ ግን በጨርቅ ጠረግነው።

እንደገና ስንሠራው

አንደኛ፣ ማድረቅና መፈተሽ። ሁሉን አውጥተን፣ በፀሐይ ቀን በሮቹን እየከፈትን ሁለት ሳምንት አደረቅነው። ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው። ከዚያም አንዳችን ውስጥ ሆነን በባትሪ ስንመለከት ሌላችን ከውጭ በጎማ ቱቦ በጣሪያውና በመስኮቶቹ ዙሪያ ውሃ አርከፈከፍን። ከላሜራው ግርጌ ፋብሪካው የተዋቸውን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ጠረግን። እነዚህን ቀዳዳዎች የደፈነ ሰው ዝገትን በገዛ እጁ ጠርቷል።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ። ገመዱ ከማገጃውና ከእንጨቱ በፊት በተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተዘርግቶ መጠናቀቅ አለበት። ሲያልቅም ሜትር ከጎኑ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡት። ነገ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳውን ስትበሱ ገመዱ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ማገጃው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ውሃ ይመጣል። ለመኪና የሚያስፈልገው ቀዳዳዎቹ የተዘጉ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ከጀርባው ኮላ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ነው። እኛ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ተጠቀምን። ላሜራውን በአልኮል አጽድተን፣ አየር እንዳይቀርበት ከአንድ ወገን እየተጫንን ለጠፍነው። መጋጠሚያውን አጥብቀን አገጣጠምን። የብረት አጥንቶቹንም ቀጠን ባለው ስፖንጅ አለበስናቸው፤ አጥንቱ ራቁቱን ከቀረ ብርዱ በእርሱ በኩል ይገባል፤ ተኑም እዚያው ውሃ ይሆናል። በወለሉ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ጠንካራ የፎም ሰሌዳ፣ በላዩም 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አነጠፍን። ወለሉና ጣሪያው በወፈረ ቁጥር ቁመት ይቀንሳልና፣ ቆሞ ለመስገድ የሚበቃ ከፍታ መቅረቱን አስቀድመን ለካን።

አንዳንዶች ተረጭቶ የሚነፋውን ፎም ይመርጣሉ። ፎሙ ሲነፋ ስሱን ላሜራ ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል፤ የውሃ መውጫዎቹንም ይደፍናል፤ በኋላ ዝገት ቢመጣ ፎሙን ማውጣት መከራ ነው። የሚያብረቀርቀው ወረቀትም ቢሆን ከፊቱ የአየር ክፍተት ሲኖር እንጂ በሁለት ነገሮች መካከል ተጣብቆ ሲቀር ብልጭታው አይጠቅምም።

አራተኛ፣ እንጨቱ። የመኪና ግድግዳ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ስለዚህ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ቅዱን አስቀድሞ በካርቶን ቆርጦ ለክቶ፣ ከዚያ ወደ እንጨቱ ማሻገር ይገባል። ቀጫጭን ሞራሌዎችን በብረት አጥንቶቹ ላይ አሠርን፤ ማሰሪያውም በአጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቆ የሚቀር ዳዶ ነው። የውጭውን ላሜራ በቪቴ መብሳት ዝናብን መጋበዝ ስለሆነ የቪቴውን ርዝመት ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ለኩ። ክብደትም ይታሰብ። 12 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ፖፕላር ከተባለው ቀላል እንጨት የተሠራው ከ6 ኪሎ አይበልጥም። የኛ መኪና ከነተሳፋሪው ከ3,500 ኪሎ ማለፍ ስለሌለበት ግድግዳውን በቀላሉ እንጨት ሠራነው፤ ጀርባውንም እንደ ፊቱ ቫርኒሽ ቀባነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኮላና ምስማር ተውን። እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚታሰረው በሚታይ ቪቴ ነው። አንድ እንግዳ «ቪቴው ባይታይ ያምር ነበር» አለን። ልክ ነው፤ ያምር ነበር። ነገር ግን በቪቴ የታሰረ ሰሌዳ በሩብ ሰዓት ይፈታል።

ቤቱም ይተንፍስ

ውድ አንባቢያን፣ ማገጃው ቢሠምርም ትንፋሻችን የሚወጣበት መንገድ ካላገኘ ውሃው ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ቤቱ በተደፈነ ቁጥር የአየር መግቢያና መውጫው የበለጠ ያስፈልጋል። እኛ በጣሪያው ላይ ትንሽ የአየር ማውጫ ማራገቢያ፣ በታች በኩል ደግሞ አየር መግቢያ አበጀን። ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ክፍት ይሆናሉ። ፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ቢያመልጥ ወደ ውጭ የሚወርድበት ቀዳዳ በጋዙ ሣጥን ወለል ላይ አለ። ማሞቂያውም ለማንደጃ የሚሆነውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው።

እዚህ ላይ ከእናታችን ጋር አልተስማማንም ነበር። እሳቸው የጀበና ቡና ያለ ከሰል አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል «ማንደጃውን አስገቡልኝ፤ በሩን ገርበብ እናደርገዋለን» አሉ። እኛ ግን እሺ አላልንም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። አገር ቤት ብርድ ፈርቶ ከሰሉን ውስጥ ትቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ በዚያው እንደቀረ ያልሰማ ማን አለ? የመኪናው ክፍል ደግሞ ከየትኛውም ጓዳ ይጠባል። ከአልጋው አጠገብ የዚህን ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ሰቅለናል፤ መሣሪያ አለ ተብሎ ግን ከሰል አይገባም። ይህን ስናስረዳቸው እናታችን ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሺ ልጄ፤ ግድግዳውን እኔ ነገርኩህ፣ ከሰሉን አንተ ነገርከኝ» አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ቡናው ከውጭ፣ በዛፍ ሥር ተፈላ።

አገር ቤት ላላችሁ

ኮርኒስ ለማሠራት ያሰባችሁ፣ በመጀመሪያ በዝናብ ቀን ቀና ብላችሁ የቆርቆሮውን የምስማር ቀዳዳዎች እዩ። የሚያፈስሰውን ሳትደፍኑ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ሳታስፈትሹ አትሸፍኑ። ከኮርኒሱ በላይ አየር ወዲያ ወዲህ የሚልበት ክፍተት ይኑር። ሰው ወጥቶ የሚያይበት ክዳን ያለው ቀዳዳም ይተው። ሠራተኛው «አያስፈልግም» ቢላችሁ እናንተ አስፈልጎናል በሉ።

እኛ በሚቀጥለው ብርድ ወደዚያው ጫካ ተመልሰን ሄድን። ሌሊቱ በረዶ ጣለ። ጠዋት እናታችን መጀመሪያ ያደረጉት የልጁን ጥግ በመዳፋቸው መዳሰስ ነበር። ደረቅ ነው። ልጁም ሳያስል አደረ፤ አልሐምዱሊላህ። እንዲያም ሆኖ በየጸደዩና በየመጸው ከእርሱ አልጋ አጠገብ ያለውን ሰሌዳ እየፈታን ጀርባውን እናያለን። አሁን ቪቴውን የሚፈታው ልጁ ራሱ ነው፤ አያቱ ባትሪውን ይይዙለታል።