ደቻቱ ባለቤት ይኑረው!



ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ጠርጎ ወሰደ። በሺዎች የሚቆጠሩም ቤት ንብረታቸውን አጡ። ሹማምንቱ ጎርፍ በመጣ ቁጥር «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ይሉናል። ዝናቡ ከሰማይ መምጣቱን አንክድም። በወንዙ ዳር ቤት ሲሠራ አይቶ ዝም ያለው፣ ደለሉን ያላስጠረገው ግን ሰማይ አይደለም።

ከጎርፉ በኋላ ግንብ ተሠራ። መልካም ነው፣ ሥራን ሥራ እንላለን። ነገር ግን ግንብ ሠርቶ መሄድና ወንዝ መጠበቅ አንድ አይደሉም። ውኃው የሚወርደው ከተራቆተው የሐረርጌ ደጋ ሲሆን፣ አፈርና ድንጋዩን ተሸክሞ ይመጣል። ደለል በተከመረ ቁጥር የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ያው ግንብ ያጥራል። ስለዚህ ደለሉ በየዓመቱ መጠረግ አለበት። ማን ይጥረገው? ይህንን ጥያቄ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የዞረ ነዋሪ መልሱን ያውቀዋል፦ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ መንገድ፣ መንገድ ወደ ውኃ፣ ውኃ ወደ ቀበሌ ይልከዋል። ቀበሌው ደግሞ ክረምት ሲደርስ ነዋሪውን አካፋ አስይዞ ለዲች ጠረጋ ዘመቻ ይጠራዋል። (ቆሻሻ ዲች ውስጥ የምንጥለው እኛው ራሳችን መሆናችንንም አንሸሽግም። የማንም ባልሆነ ቦይ ግን ማን ማንን ይቆጣል?)

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89(3) የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ብርድ ልብስ ማደልን ብቻ አይደለም። አንቀጽ 12 ደግሞ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ የውኃ ሀብት የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ንብረት ነው ይላል። ንብረቱ የመንግሥት ከሆነ ጉዳቱ የድሃው ብቻ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

የላይኛው ተፋሰስ በኦሮሚያ ክልል፣ ሞቱ በድሬዳዋ ነው። አንቀጽ 51(11) ክልሎችን የሚያገናኙ ውኃዎችን አስተዳደር ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። «ድሬዳዋ ክልል አይደለችም» የሚል የሕግ ክርክር ሊነሳ ይችላል። እኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ አዲስ አበባ እጇን ልትታጠብ አትችልም ባዮች ነን።

በመሆኑም ድምፅህን ከሰጠኸን፣ ለወንዞቹና ለጎርፍ መውረጃዎቹ በሕግ የተሰየመ አንድ መሥሪያ ቤት እናቋቁማለን። በጀቱ ለብቻው ይያዛል፤ ለሌላ ሥራ አይዛወርም። ጠረጋው የበልግ ዝናብ ሳይጥል ማለቅ አለበት፤ የበልግ ጎርፍም ይገድላልና። ኃላፊው የትኛው ቦይ እንደተጠረገ፣ የትኛው እንዳልተጠረገ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ በአደባባይ ያስረዳል፤ ዝርዝሩም በየቀበሌው ይለጠፋል። ከኦሮሚያ ክልል ጋር የደጋውን እርከንና ተከላ የሚመለከት፣ ከላይ ሲዘንብ ከዚራም መጋላም ውኃው ሳይደርስ የሚሰማ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያለው አስገዳጅ ስምምነት እንፈራረማለን። ከወንዙ ዳር የሚነሳ ቤተሰብም ምትክ ቦታውንና ካሳውን በእጁ ሳይዝ አይነሳም።